በአምስተርዳም የሠራው መድኃኒት ሐረር ላይ ይሠራል?

በየጥቂት ወሩ «ለመርሳት በሽታ መድኃኒት ተገኘ»፣ «ሽባ የነበረው ወጣት ቆሞ ሄደ» የሚል ዜና በቴሌግራም ይዘዋወራል። ሐረር ወይም ድሬዳዋ ላይ ሆኖ የሚያነበው ቤተሰብ፣ ቤት ውስጥ የተኛ ሰው ካለው፣ ወዲያው ሒሳብ ይጀምራል። ቤቱ ስንት ያወጣል? ውጭ ያለው ዘመድ ምን ያህል ይልካል? ሕንድ ይሻላል ወይስ ባንኮክ? ከዋጋው በፊት መጠየቅ የነበረበት ግን ሳይጠየቅ ይታለፋል፤ መድኃኒቱ የተሞከረው በማን ላይ ነው? (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ከቅርቡ ዜና እንነሣ። ሌካኔማብ የተባለው የአልዛይመር መድኃኒት በ2023 በአሜሪካ ሙሉ ፈቃድ አገኘ። ፈቃዱን ያስገኘለት 1,795 ሰዎች ለ18 ወራት የተሳተፉበት ሙከራ ነው። «የበሽታውን ግስጋሴ በ27 በመቶ ቀነሰ» ተባለ፤ ቁጥሩም ልክ ነው። ዜናው ያልነገረን፣ በሽታው በተለካበት የ18 ነጥብ መለኪያ ላይ በሁለቱ ቡድኖች መካከል የነበረው ልዩነት 0.45 ነጥብ ብቻ መሆኑን ነው። መድኃኒቱን የወሰዱትም እየባሰባቸው ሄዷል፤ ትንሽ ቀስ ብሎ እንጂ። በሙከራው በየሁለት ሳምንቱ በደም ሥር ይሰጥ ነበር፤ አንጎል ውስጥ እብጠትና መድማት ሊያስከትል ስለሚችልም ታካሚው በተደጋጋሚ ኤምአርአይ መነሣት አለበት። በዚያ ላይ በሙከራው የተካተቱት ጥቁሮች እጅግ ጥቂት ነበሩ። ይህ ለይስሙላ የሚነሣ የእኩልነት ጥያቄ አይደለም። ኤፒኦኢ4 የተባለው የዘር ቅንጣት በአውሮፓውያን ላይ የአልዛይመርን ስጋት በእጅጉ ይጨምራል፤ በአፍሪካውያን ዘንድ ግን ጭማሪው ያነሰ እንደሆነ በተደጋጋሚ ታይቷል። ከመድኃኒቱ ጋር ለሚመጣው የአንጎል መድማት ይበልጥ የሚያጋልጠውም ይኸው ቅንጣት ነው። ስለዚህ ጥቅሙም ጉዳቱም እኛ ዘንድ ምን ያህል እንደሚሆን ከዚያ ሙከራ ተነሥቶ መናገር ይከብዳል።

ሌላው ዜና ከሦስት ዓመት ያነሰ ዕድሜ ነበረው። ኤኤልኤስ የእንቅስቃሴ ነርቮችን እየገደለ ሰውን ከእግር እስከ እስትንፋስ ሽባ የሚያደርግ በሽታ ነው። ለዚህ በሽታ ሬሊቭሪዮ የተባለ መድኃኒት በ2022 ተፈቀደ፤ መነሻው 137 ሰዎች የተሳተፉበት ሁለተኛ ምዕራፍ ሙከራ ነበር። በ2024 ግን 664 ሰዎችን ያቀፈው ሦስተኛ ምዕራፍ ውጤት ሲወጣ መድኃኒቱ ከፕላሴቦው፣ ማለትም መድኃኒት ከሌለበት አስመሳይ ዱቄት፣ አልተሻለም። አምራቹም በወሩ ከገበያ አወጣው። የመጀመሪያው ምዕራፍ ጥቂት ሰዎችን ይዞ መድኃኒቱ ራሱ እንዳይጎዳ ያያል። ሁለተኛው መጠኑን ይፈልጋል፣ የተስፋ ፍንጭም ያሳያል። ሦስተኛው ብዙ ሰዎችን በዕጣ ለሁለት ከፍሎ፣ ማን ምን እንደወሰደ ታካሚውም ሐኪሙም ሳያውቁ፣ እውነቱን ያወጣል። የአንጎል በሽታ ላይ ደግሞ ፍንጭ ብዙ ጊዜ ያታልላል። በሽታው በራሱ ይወጣል ይወርዳል፤ የታካሚው ስሜት ይለወጣል፤ ተስፋ የቆረጠ ቤተሰብም መሻሻልን ማየት ስለሚሻ ያየዋል።

እስካሁን የተነሡት በእኛ ሆስፒታሎች ብዙም ወሬ የሌላቸው በሽታዎች ናቸው። ሕይወት ፋና፣ ጁገል፣ ድል ጮራ ወይም ሳቢያን የሚገባው የአንጎል ሕመምተኛ በአብዛኛው ሌላ ነው፤ ማጅራት ገትር የያዘው ሕፃን፣ ከባጃጅ ወድቆ ጭንቅላቱን የተመታ ወጣት፣ የሚጥል በሽታ ያለባት ልጅ፣ በስትሮክ ግማሽ አካሉ የዛለ አባወራ፣ የአከርካሪ ቲቢ እግሩን የያዘው ገበሬ፣ ጀርባው ሳይዘጋ የተወለደ ጨቅላ። ለእነዚህ ምን ተሞከረ?

የማጅራት ገትሩ ታሪክ በደንብ ሊነገር ይገባል። ባክቴሪያ የአንጎልን ሽፋን ሲወር ፀረ ተሕዋስያን መድኃኒት ይገድለዋል። ባክቴሪያው ሲፈነዳ የሚለቀው ነገር ግን በዝግ የራስ ቅል ውስጥ ብግነቱን ያባብሳል፤ ብዙ ሰው የሚሞተው ወይም የሚደነቁረው በዚህ ነው። ስለዚህ ብግነት የሚያረግበውን ዴክሳሜታሶን፣ ሐኪሞቹ በአጭሩ ዴክሳ የሚሉትን፣ አብሮ መስጠት ምክንያታዊ ይመስላል። በ2002 በኔዘርላንድ ሐኪሞች መሪነት በአውሮፓ በ301 አዋቂዎች ላይ የተደረገው ሙከራ ይህን አረጋገጠ፤ ከፕላሴቦው ቡድን 15 በመቶ ሲሞቱ ዴክሳ ከወሰዱት የሞቱት 7 በመቶ ነበሩ። ከዚህ የበለጠ ምን ይፈለጋል? መድኃኒቱ ርካሽ ነው፣ በየፋርማሲው አለ፣ ሞትን በግማሽ ቀነሰ።

በዚያው ዓመት ከማላዊ፣ ብላንታየር ከተማ፣ 602 ሕፃናት የተካተቱበት ውጤት ወጣ። ዴክሳ ከወሰዱት 31 በመቶ ሞቱ፤ ካልወሰዱትም 31 በመቶ። በ2007 ደግሞ እዚያው ማላዊ በ465 አዋቂዎች ላይ ተሞከረ። ከሁለቱም ቡድን ከግማሽ በላይ ሞቱ፤ ዴክሳው ለውጥ አላመጣም። ያው መድኃኒት፣ ያው በሽታ፣ ውጤቱ ግን ሌላ። ከማላዊዎቹ አዋቂዎች አብዛኞቹ ኤችአይቪ ነበረባቸው። ብዙዎቹም ሆስፒታል የደረሱት በሽታው ከገፋ በኋላ ነው። የአምስተርዳም ታካሚ በሰዓታት ውስጥ ሐኪም ያየዋል፤ የብላንታየሩ እንደ ጉርሱሙ ወይም እንደ ሚደጋው ታካሚ በመጀመሪያ ቤት ተኝቷል፣ ቀጥሎ ጤና ጣቢያ ሄዷል፣ ከዚያ «ሪፈር» ተጽፎለት መኪና ጠብቋል።

በዚያው በ2007 ቬትናም ውስጥ የታተመው ሙከራ ነገሩን ይበልጥ አጠራው። ሁሉም ታካሚዎች በአንድ ላይ ሲታዩ ጥቅሙ አልታየም። በሽታው ባክቴሪያ መሆኑ በላቦራቶሪ በተረጋገጠላቸው ላይ ብቻ ግን ዴክሳ ጠቀመ። እንግዲህ ጥያቄው መድኃኒቱ ይሠራል አይሠራም ከሚለው ተሻግሯል። የያዝከው በሽታ ምን እንደሆነ ሳታውቅ የምትሰጠው መድኃኒት፣ አንዱን እየጠቀመ ሌላውን እየጎዳ በአማካይ ዜሮ ሊሆን ይችላል። በአራት የኢትዮጵያ ማስተማሪያ ሆስፒታሎች የታካሚ መዝገብ ላይ የተሠራ ጥናትም በሽታቸው በላቦራቶሪ ሳይረጋገጥ ዴክሳ ከተሰጣቸው መካከል ሞት በዝቶ አግኝቷል። እዚህ ላይ ግን ጥንቃቄ ያሻል። ሐኪም ዴክሳን የሚያዘው በጠና ለታመመው ከሆነ፣ መድኃኒቱ ባይገድልም የወሰዱት በብዛት ይሞታሉ። ይህን ቋጠሮ የሚፈታው ዕጣ ብቻ ነው፤ መዝገብ ማገላበጥ አይፈታውም።

ለማረጋገጥ ደግሞ ከጀርባ ውሃ መወሰድ አለበት። በእኛ አካባቢ ቤተሰብ «እሱን እንኳ ተዉት» የሚለው እዚህ ላይ ነው። ከጀርባው ውሃ የተወሰደበት ሰው ሽባ ይሆናል የሚለው ወሬ ከዋርድ ወደ ዋርድ ይዞራል። መርፌው የሚገባው ኅብለ ሰረሰሩ ካበቃበት በታች ስለሆነ የሚወጋው ገመድ እዚያ የለም። ወሬው ግን ከየትም አልመጣም፤ ውሃው የሚወሰደው ቀድሞውኑ በጠና ከታመመው ሰው ነው፣ ሽባነቱም ከበሽታው ይመጣል፣ የሚታማው ግን መርፌው ነው። ይህን ለአንዲት እናት በሚገባት ቋንቋ ተቀምጦ የሚያስረዳ ሰው በየዋርዱ ቢመደብ፣ ለማጅራት ገትር ምርምር ከአንድ ውድ ማሽን የበለጠ ይጠቅማል ብዬ አምናለሁ።

የጭንቅላት ጉዳት ሙከራው ደግሞ ሌላ መልክ አለው። ስቴሮይድ፣ ማለትም ዴክሳ የሚገኝበት የመድኃኒት ቤተሰብ፣ ለተመታ ጭንቅላት ከ30 ዓመት በላይ ሲሰጥ ኖሯል፤ እብጠት ይቀንሳል፣ እብጠት ከቀነሰ ሰው ይድናል በሚል እምነት። ክራሽ የተባለው ሙከራ 20,000 ሰው ሊያሳትፍ ተነሥቶ በ2004 ከ10,008 ሰዎች በኋላ ተቋረጠ። በሁለት ሳምንት ውስጥ ስቴሮይድ ከወሰዱት 21.1 በመቶ ሲሞቱ፣ ካልወሰዱት የሞቱት 17.9 በመቶ ነበሩ። ሐኪሞች በቅን ልቦና ለዓመታት የሰጡት መድኃኒት ገዳይ ሆኖ ተገኘ። ይህ ባይሞከር ኖሮ ዛሬም ይሰጥ ነበር። «በእኛ ሰው ላይ ሙከራ አይደረግም» የሚል ሰው ሲገጥመኝ ይህን አነሣለሁ። ሙከራ በሌለበት የሚሰጥ መድኃኒትም ሙከራ ነው፤ ልዩነቱ ውጤቱን የሚቆጥር አለመኖሩ ነው።

ቀጥሎ የመጣው ክራሽ 3 በ2019 ወጣ፤ 12,737 ተጎጂዎች ተሳትፈዋል። ደም መፍሰስን የሚቀንሰው ትራኔክሳሚክ አሲድ፣ ጉዳቱ ቀላልና መካከለኛ በሆነባቸው ላይ፣ በ3 ሰዓት ውስጥ ከተሰጠ ከጭንቅላት ጉዳት የሚመጣ ሞትን ቀነሰ። የማዋለጃ ክፍል ሠራተኞች መድኃኒቱን ለወሊድ መድማት ያውቁታል፤ ርካሽ ነው። ለእኛ ፈተናው 3ቱ ሰዓት ነው። ደንገጎ ዳገት ላይ የተገለበጠ የአይሱዙ ተሳፋሪ ድሬዳዋ ወይም ሐረር በጊዜ ይደርስ ይሆናል። ከሚደጋ ወይም ከመዩ የሚመጣው ግን በ3 ሰዓት ውስጥ መንገድ ላይ ነው። እንግዲህ በእኛ አካባቢ ሊሞከር የሚገባው መድኃኒቱ አይደለም። ጤና ጣቢያ ላይ፣ አምቡላንሱ ሳይመጣ፣ በጡንቻ ቢወጋ ምን ይሆናል የሚለው ነው።

ጫትንም ሳላነሣ አላልፍም። በ1997 የታተመ አንድ አነስተኛ የየመን ጥናት፣ ጫት የሚቅም ሰው የሚውጠው አምፒሲሊን ወደ ደም የሚገባው በአነስተኛ መጠን እንደሆነ አሳይቷል። ለሚጥል በሽታ የሚዋጠው ክኒንስ? ከሰዓት በኋላ በርጫ ላይ የሚቀመጥ ታካሚ የማታውን ኪኒን ሲወስድ ምን ይሆናል? አብዛኞቹ ሙከራዎች የተሠሩት ጫት በማይታወቅበት አገር ስለሆነ ጥያቄው ራሱ አይነሣም። እዚህ ሙከራ ቢደረግና «ጫት የሚቅም አይካተትም» ቢባል ደግሞ የከተማችን ጎልማሳ ወንድ ብዙው ክፍል ከበሩ ይመለሳል።

ሰው ሙከራን የሚፈራው ያለ ምክንያት አይደለም፤ ይህም ታሪክ የተጀመረው በአንጎል በሽታ ነው። በ1996 በናይጄሪያ ካኖ ከተማ ማጅራት ገትር በተዛመተ ጊዜ ፋይዘር 200 ሕፃናትን ይዞ ትሮቫፍሎክሳሲን የተባለ አዲስ መድኃኒቱን ሞከረ፤ ግማሾቹ አዲሱን፣ ግማሾቹ የተለመደውን ሴፍትሪያክሶን ወሰዱ። 11 ሕፃናት ሞቱ፤ ሌሎች አካል ጉዳተኛ ሆኑ። ከሁለቱም ቡድን የሞቱት ቁጥር የተቀራረበ ነበር፤ ኩባንያውም ጉዳቱ ከበሽታው የመጣ ነው ብሎ ተከራከረ። ወላጆቹን ያስቆጣው ግን ልጆቻቸው ሙከራ ውስጥ እንደገቡ አልተነገረንም የሚለው ነው። ክርክሩ ዓመታት ፈጅቶ በ2009 ከካኖ ግዛት ጋር በ75 ሚሊዮን ዶላር ስምምነት ተዘጋ።

ነገሩ ግን ፍርድ ቤት ላይ አላበቃም። በ2003 ካኖ የፖሊዮ ክትባትን አቆመች። ፖለቲካም ሃይማኖታዊ ጥርጣሬም ነበረበት፤ የ1996ቱ ትዝታም አብሮ ነበረ። ፖሊዮ የኅብለ ሰረሰርን የእንቅስቃሴ ሕዋሳት የሚገድል ቫይረስ ነው፤ እግሩ ቀጥኖ የቀረውን ጎረቤታችንን ሁላችንም እናውቃለን። ቫይረሱ ከሰሜን ናይጄሪያ ወጥቶ በቻድና በሱዳን አልፎ ኢትዮጵያ ደረሰ። ካኖ ውስጥ ለአንዲት እናት በወጉ ያልተነገረ አንድ ነገር፣ ከዓመታት በኋላ በሌላ አገር የሌላ ሕፃን እግር ላይ ዕዳ ሆኖ ወደቀ። የስምምነት ቅጽን እንደ ቢሮክራሲ የሚያይ ተመራማሪ ይህን መንገድ በካርታ ላይ ቢከተለው ይሻላል።

ሐረር ላይ ስምምነት መጠየቅ በራሱ ሙያ ነው። ከፈዲስ የመጣው ኦሮምኛ፣ ከባቢሌ የመጣችው ኦሮምኛ ወይም ሶማልኛ፣ የጁገሉ ሽማግሌ ሐረሪኛ፣ የቀበሌ 01 ነዋሪ አማርኛ ይናገራል። ቅጹ በሁሉም ቋንቋ ቢጻፍ እንኳ ማንበብ የማይችለው ብዙ ነው። ውሳኔውም የአንድ ሰው ብቻ አይሆንም፤ ባል ይጠየቃል፣ ታላቅ ወንድም ይጠየቃል፣ በአፎቻው (በሰፈሩ የመረዳጃ ማኅበር) ይወራል። ይሁንና «የእኛ ሰው ለምርምር አይመችም» የሚለውን ሐረር ራሷ ውድቅ አድርጋዋለች። ቻምፕስ የተባለው የሕፃናት ሞት መንስኤ ጥናት በሐረርና በቀርሳ ይሠራል፤ ሐሮማያ ዩኒቨርሲቲ ከለንደኑ የሐሩር ሕክምና ትምህርት ቤት ጋር ሆኖ የሚያካሂደው ነው። የሚጠይቀው ደግሞ ከባዱን ነገር ነው፤ አሁን ከሞተ ልጅ አካል በመርፌ ናሙና መውሰድ። ቀብር በማይዘገይበት አገር፣ ልጁን ባጣ ቤተሰብ ፊት። ቢሆንም በወጉ ሲጠየቁ የተስማሙ ወላጆች አሉ፤ ጥናቱ የቆመው በእነሱ ላይ ነው።

ሙከራ ውስጥ ግቡ ተብሎ የሚጠየቅ ቤተሰብ ሊጠይቀው የሚገባው ረጅም አይደለም። ጥናቱን የትኛው የምርምር ሥነ ምግባር ኮሚቴ አየው? መድኃኒት ከሆነ የኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ፈቅዷል? መሃል ላይ ብወጣ የተለመደው ሕክምናዬ ይቀጥላል? ብጎዳ ማን ያሳክመኛል? መድኃኒቱ ከጠቀመኝስ ሙከራው ካለቀ በኋላ ማን ይሰጠኛል? ከሁሉ በላይ ደግሞ ገንዘብ። «ስቴም ሴል እንሰጣለን፣ ሙከራ ላይ ነው፣ ይህን ያህል ሺህ ዶላር ክፈሉ» የሚል ክሊኒክ የሚሸጠው ተስፋ ነው። ለተቆረጠ ኅብለ ሰረሰር እስካሁን በሦስተኛ ምዕራፍ ሙከራ ተረጋግጦ ለአገልግሎት የበቃ የስቴም ሴል ሕክምና የለም። በእውነተኛ ሙከራ ታካሚው ለሚሞከርበት መድኃኒት ከፋይ መሆን የለበትም። ለዚያ ክሊኒክ ቤት የሚሸጥ ዘመድ ካላችሁ፣ ተቆጥታችሁም ቢሆን አስቁሙት።

አሁን ወደ ጨቅላዎቹ። ቻምፕስ ካገኛቸው ነገሮች አንዱ፣ በሐረርና በቀርሳ ጀርባቸው ወይም የራስ ቅላቸው ሳይዘጋ የሚወለዱ ሕፃናት መጠን በኬንያ፣ በማሊ፣ በሞዛምቢክ፣ በሴራሊዮን፣ በደቡብ አፍሪካና በባንግላዴሽ ካሉት የጥናቱ ቦታዎች በብዙ እጥፍ የሚበልጥ መሆኑ ነው። ለኅብለ ሰረሰር በሽታ ከተደረጉ ሙከራዎች ሁሉ ምናልባት ትልቁን መልስ የሰጠው የተሠራው በዚሁ ችግር ላይ ነው። በ1991 የእንግሊዝ የሕክምና ምርምር ምክር ቤት በ7 አገሮች 1,817 ሴቶችን ይዞ ፎሊክ አሲድን ሞከረ። ሴቶቹ ከዚህ በፊት እንዲህ ያለ ልጅ ያረገዙ ነበሩ። ቫይታሚኑ ችግሩ እንዳይደገም በ72 በመቶ ተከላከለ፤ ሙከራውም ጥቅሙ ስለታወቀ ከጊዜው በፊት ቆመ። ውድ የዘር ሕክምና አይደለም፤ በሳንቲም የሚገዛ ቫይታሚን ነው።

ታዲያ ለምን ይወለዳሉ? የፅንሱ ጀርባ የሚዘጋው በተፀነሰ በ28 ቀን ውስጥ ነው፤ ያኔ ብዙ ሴቶች ማርገዛቸውን እንኳ አያውቁም። በ2016ቱ የሕዝብና ጤና ጥናት መሠረት በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት የእርግዝና ክትትል የጀመረችው ከ5 እናቶች 1ዷ ናት። ጤና ጣቢያ የሚሰጣት የብረትና የፎሊክ አሲድ ክኒን ለደሟ ይጠቅማል፤ ለልጇ ጀርባ ግን ጊዜው አልፏል። ከተወለደ በኋላ ያለው መንገድ ጠባብ ነው። አብሮ የሚመጣውን የጭንቅላት ውሃ ለማስወገድ ቱቦ ይገባል፤ ቱቦው ሲዘጋ ወይም ሲመረዝ ሕፃኑ ቶሎ ቀዶ ሕክምና ካላገኘ ሊሞት ይችላል። እዚህም ላይ ጠቃሚውን ጥያቄ የጠየቀው የምሥራቅ አፍሪካ ሙከራ ነው። በ2017 ውጤቱ በታተመ የዩጋንዳ ምባሌ ሙከራ፣ ከኢንፌክሽን በኋላ ጭንቅላታቸው ውሃ በቋጠረ 100 ሕፃናት ላይ ቱቦው በኢንዶስኮፕ (በቀጭን የካሜራ መሣሪያ) ከሚሠራው ቀዶ ሕክምና ጋር ተነጻጸረ፤ በዓመቱ በልጆቹ የአእምሮ እድገት ላይ ጉልህ ልዩነት አልታየም። ሜታ ወይም ደደር ለሚኖር ቤተሰብ ይህ ማለት፣ በሰውነቱ ውስጥ በማንኛውም ቀን ሊበላሽ የሚችል ዕቃ ይዞ ወደ ገጠር የሚመለስ ልጅ እንዳይኖረው አማራጭ ሊኖር ይችላል ማለት ነው።

መከላከሉ ግን ይቀድማል፤ ኢትዮጵያም በ2022 የስንዴ ዱቄት በፎሊክ አሲድ እንዲበለጽግ የሚያስገድድ ደረጃ አጽድቃለች። ለአዲስ አበባ፣ ለድሬዳዋና ለሐረር ዳቦ ቤቶች መልካም ነው። የቀርሳ፣ የሜታና የፈዲስ ገበሬ ግን የሚበላው ራሱ ያመረተውን ማሽላና በቆሎ ነው፤ የሚያስፈጨውም ሰፈሩ ባለ ወፍጮ ቤት። የፋብሪካ ዱቄት ቤቱ አይገባም። የሚገባው ጨው ነው። አዮዲን ያለበት ጨው ከ2011 ጀምሮ በሕግ ግዴታ ሆኖ አብዛኛውን ቤት ስለደረሰ መንገዱ ተጠርጓል። በደቡብ ሕንድ መንደሮች በ2024 የታተመ ሙከራ፣ ፎሊክ አሲድ የተጨመረበት አዮዲናዊ ጨው የበሉ ሴቶች በደማቸው ያለው የፎሌት፣ ማለትም የዚሁ ቫይታሚን፣ መጠን በ4 ወር ውስጥ በእጅጉ ከፍ እንዳለ አሳይቷል።

እዚህ ቢሞከር ደግሞ አንዲት የሥነ ምግባር እሾህ አለች። ከ1991 ወዲህ ፎሊክ አሲድ እንደሚሠራ ስለሚታወቅ፣ ግማሾቹን ሴቶች ባዶ ጨው እያበሉ ስንት ልጅ ጀርባው ሳይዘጋ እንደሚወለድ መቁጠር ነውር ነው፤ የትኛውም ኮሚቴ ሊፈቅደው አይገባም። ሕንዶቹ ልጅ ሳይሆን ደም የለኩት ለዚህ ጭምር ይመስለኛል። ቀርሳ ግን አንድ ነገር በእጇ አለ። ከ2007 ጀምሮ ማን እንደተወለደና ማን እንደሞተ ቤት ለቤት እየዞሩ የሚመዘግቡ ሠራተኞች አሏት፤ ሐረር ከተማም ከ2012 ጀምሮ። ጨዉ ለሁሉም ቀበሌ በአንድ ቀን ሊደርስ ስለማይችል፣ የትኛው ቀበሌ ቀድሞ እንደሚያገኝ በዕጣ ቢወሰን፣ ማንም ሳይከለከል ማነጻጸር ይቻላል። በመጠበቂያው ጊዜም ፎሊክ አሲድ ክኒኑ ለሁሉም ለማርገዝ ዕድሜ ለደረሱ ሴቶች ክፍት ሆኖ ይቆያል፤ ለሙሽሮች ደግሞ ከሠርጉ በፊት። መዝገቡ አለ፣ ሠራተኛው አለ፣ የጨው ነጋዴውም ሐሮማያ ገበያ ላይ ነው።